የሰማንያ አምስት ሺህ ብር ጆሮ

ነገሩ የሰማንያ አምስት ሺህ ብር ነገር ነው። የሚገዛው ደግሞ ፍሪጅ አይደለም፣ የባጃጅ ሞተርም አይደለም። ጆሮ ላይ የሚደፋ ሄድፎን ነው።

አትፍረዱብኝ። ሠላሳ ዓመት የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ የሰማሁት ምን ነበር? መዶሻ፣ ጡሩምባና "ጋሼ ቀንስልን" የሚል ደንበኛ። አሁን ሱቁን ለልጆቼ ለቅቄ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቤቴ ተቀምጫለሁ። ድሬን ታውቋታላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሰውን ከመንገድ ታባርራለች፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ቤት መዋል ግዴታ ነው። ታዲያ እነዚያን ሦስት ሰዓታት በጥሩ ሙዚቃ ባሳልፋቸው ምናለበት? በወር ዘጠና ሰዓት ይሆናል፤ አስልቼዋለሁ።

ሐናን ዘንድ ሄድኩ። የድሮ ወዳጄ የሾፌሩ የአብዲ ልጅ ናት፤ ኤሌክትሮኒክስ ትሸጣለች። ሁለት ሄድፎን አወጣችልኝ፣ ጥቁርና ግራጫ። አንዱ ሰማንያ አምስት ሺህ፣ ሌላው ሃያ ሁለት ሺህ። የቱ የቱ እንደሆነ ልትነግረኝ ስትል አስቆምኳት። ዋጋውን ካወቅኩ ጆሮዬ ውዱን ማድነቁ አይቀርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። በወረቀት ጽፈሽ ፖስታ ውስጥ አሽጊልኝ አልኳት።

"አዴር" አለችኝ፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው፣ "ወላሂ ሄድፎን ልትገዛ ነው ወይስ ጨረታ ልትከፍት?"

ጻፈችልኝ። ቀብድ የለ፣ ፊርማ የለ። እኛ ጋ ለሚያውቁት ሰው እንዲህ ነው፤ ዕቃው ቤት ገብቶ ይታያል፣ ከወደዱት ይከፈላል፣ ካልወደዱት ይመለሳል። እስከ ሐሙስ አለችኝ፣ አለቀ።

መፈተኛዬ የሠርጋችን ካሴት ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ድግሱ ላይ የተቀዳውን ልጄ ወደ ስልኬ ገልብጦልኛል። ኡድ፣ ያንን የዓረብ ክራር፣ የሚጫወተው ሰውዬ በከተማው አንደኛ ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይበራል። እኔም ተጠቅሜበታለሁ፤ "የጠራውን ሦስት መቶ ብር ለአንቺ ክብር ስል ሳልከራከር ከፈልኩት" እያልኩ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። በሕይወቴ ሳልከራከር የከፈልኩት ብቸኛ ዋጋ ነው ተብሎ ለእንግዳ ሁሉ ይወራል።

ጥቁሩን ሳነሳው ከበደኝ። ግራጫው ላባ ነው። እዚህ ላይ ሙያዬ ተነሳብኝ። እውነተኛው ኩሽኔታ ይከብዳል፣ አስመስለው የሠሩት ይቀላል፤ ስንቱን አስመሳይ ዕቃ በመዳፌ ብቻ መዝኜ መልሻለሁ። ጥቁሩን ስደፋው ኡዱ ደረቴ ውስጥ ገባ። ግራጫው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የሚያስለውን፣ ሳህን የሚያጋጨውን፣ ወንበር የሚጎትተውን ሁሉ ያሰማል። ይኼማ ጉድለት ነው ብዬ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አወረድኩት። ውዱ ጥቁሩ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሰማንያ አምስት ሺህ ሊወጣ ነው ስል ግን ስንት እንደማስቀንስ ማስላት ጀመርኩ።

"እስቲ ልስማው" አለችና ጥሩወርቅ ግራጫውን ደፋችው። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ። ወደ ኋላ መልሳ ሰማች። አሁንም መለሰች።

"ይኼ የማን ድምፅ ነው?"

"የቱ?"

"ኡዱ ሲቃኝ ከኋላ፣ ‘ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሳንቲም አልጨምርም፣ ካልፈለግክ ኡድህን ይዘህ ውጣ’ የሚለው።"

የእኔው ድምፅ ነው። የዚያን ጊዜ ሃምሳ ብር ትልቅ ነገር ነበር አልኳት።

"የሙሽራ ሱፍህን እንደለበስክ ነው የተከራከርከው ወይስ አውልቀህ?"

ወሬ ለማስቀየር ፖስታውን ቀደድኩ። ጥቁሩ ሃያ ሁለት ሺህ። ላባው ግራጫ ሰማንያ አምስት ሺህ። ውስጤ ጮቤ ረገጠ። የወደድኩት ርካሹን ነዋ! ስልሳ ሦስት ሺህ ብር ተረፈ። ግራጫውን ልመልሰው አልኩ።

"ይኼማ አይመለስም" አለች፣ ከጆሮዋ ሳታወርድ። "ካሴቱ ሌላ ፊት አለው። ለድግሱ በሬ ሻጭ ደግሞ ምን እንዳልከው ልስማ።"

ሐሙስ ዕለት አብረን ወደ ሐናን ሄድን። እሷ ግራጫውን፣ እኔ ጥቁሩን፣ ሁለቱም ተገዙ፤ መቶ ሰባት ሺህ ብር። አፌን ለክርክር ስከፍት ጥሩወርቅ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እየቀዳች ነው።

"አዴር፣ ምን ልትል ነበር?" አለች ሐናን።

ምንም አልኩና ከፈልኩ።

አሁን ከምሳ በኋላ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ የየራሳችንን ደፍተን። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ሒሳቡን ከፈለጋችሁ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ያተረፍኩት ሃምሳ ብር፣ ዘንድሮ የወጣብኝ መቶ ሰባት ሺህ። በትርፍ በኩል ግን አንድ የምጽፈው አለኝ። ለእንግዳ "ሳልከራከር ከፈልኩ" ስል ከእንግዲህ እውነቴን ነው፤ ማስረጃውም ጥሩወርቅ ስልክ ውስጥ አለ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል።