አድሚራል አብዱልበሲጥና ከውሃ በታች ያለው ቤተ መንግሥት

ከአዋሽ እስከ ሰርዶ ባለው መንገድ ላይ ነዳጅ የጠፋበት ከተማ ታገኙ ይሆናል፤ ሁሉን ያየ ሰው የጠፋበት ከተማ ግን አታገኙም። እናንተን ያመማችሁ ነገር እሱ ብሶበት ድኗል። እናንተ የሄዳችሁበት አገር እሱ መንገዱ ሳይሠራ ደርሶ ተመልሷል። ለሎጊያ የደረሳት ክቡር አብዱልበሲጥ ነው፤ ሥራው ጎሚስታ፣ ትውልዱ ከሚሴ፣ ማዕረጉ አድሚራል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ የኸሊዳ ሻይ ቤት ደንበኞች ነን፤ እሱም ሳያቅማማ ተቀብሎናል።

አድሚራል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣትነቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ ሲፍቅ ኖሯል። ይህን የምናውቀው በየቀኑ ስለሚነግረን ነው። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር ነፋስ እስኪሞላለት ድረስ ስለ ባሕር ግፊት ትምህርት ይወስዳል። ከሁሉም የምታንገበግበኝ ግን ያቺ አነጋገሩ ናት፦ "አንተ ላዩን ነው ያየኸው።" ስለ ሞተር ብታወሩ ላዩን ነው ያያችሁት። ስለ ትዳር ብታወሩም እንደዚያው። አንድ ቀን ኸሊዳ ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብላ ስትጨነቅ "ላዩን ነው የቀመስሽው" ብሏታል።

እኔ ሰመራ አስተምራለሁ፣ ሎጊያ እኖራለሁ፤ ከሥራ መልስ ያለኝ ሥራ አድሚራሉ ላይ መሳቅ ነበር። በተለይ በዋሻው ወሬ። እሱ እንደሚለው፣ ከጅቡቲ ጠቅልሎ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ሰርዶ ሳይደርስ ተበላሸ። ሙቀቱ ሲጠናበት የመጥለቂያ ዕቃውን ታጥቆ ግመል የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ገባ። ከታች አለቱ ተሰንጥቆ በር ሠርቷል፤ በዚያ በር ሲገባ ውሃ የሞላው አዳራሽ አገኘ፤ ግድግዳው በሙሉ ክሪስታል። "ወላሂ፣ ቤተ መንግሥት ነው" ይላል። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በየዓመቱ ይሰፋል። አምና ሲኖትራክ ያዞር ነበር፤ ዘንድሮ ከነተሳቢው።

ነገሩ የሻይ ቤት ወሬ ሆኖ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። አድሚራሉ ግን አንድ ቀን ተሳሳተ፤ ለአፋሩ ሽማግሌ ለሐጂ ሁመድ በዳጉ ነገራቸው።

በዚህ አገር ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ማለት ይህ ነው። ማን ታመመ፣ የት ዘነበ፣ የትኛው መንገድ ተቆረጠ የሚባለው ሁሉ በዚያ ይታወቃል። የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ ስም ጠርቶ ያሳልፋል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚነግረውም የሚያምነውም አያገኝም። ሐጂ ሁመድ ከግመል ገበያ ሲመለሱ ሻይ ቤቱ ጎራ ብለው "ምን አየህ?" ሲሉት፣ የእኛ ሰው ተራ ጨዋታ መስሎት ቤተ መንግሥቱን ከነተሳቢው አስረከባቸው። ሐጂም አምነው በስማቸው አሳለፉት።

ወሬው አሳይታ ደረሰ፣ አዋሽ ደረሰ፣ ከዚያ ጥያቄ አስከትሎ ተመለሰ። በዚያ ኩሬ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ግመል የሚያጠጡ ሰዎች "ይሄ ቤት ምንድን ነው?" ብለው ሐጂን ያዙ። ሐጂ ሻይ ቤቱ መጡ፤ ሻይ ግን አልጠጡም።

"በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?"

"በዓይኔ፣ ሐጂ።"

"አብሮህ ማን አየ?"

"ብቻዬን ነበርኩ" አለ አድሚራሉ። እንዲህ አጭር መልስ ሲሰጥ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ደነገጥኩ። ነገሩ ውሸት ከሆነ እሱን በዚህ መንገድ ላይ የሚሰማው ሰው አይኖርም፤ የሐጂም ቃል አብሮት ይወድቃል። አንዱ ከጥግ ሆኖ "በስልክ ፎቶ ያንሳ" አለ።

"ስልክ ምስክር አይሆንም፤ ሰው ይውረድ" አሉ ሐጂ። ቀጥለው በዱላቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይሄ በጣም የሚስቀው። እሱ አየሁ ካለ ሁሉም ያምናል። ዋና ትችላለህ?"

የሐይቅ ልጅ ሆኜ አልችልም ማለት አይሆንልኝም። "እችላለሁ" አልኩ፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

የአድሚራሉ የጅቡቲ ጓደኛ ለሁለት ሰው የሚሆን ዕቃ በከባድ መኪና ላከ፤ በጀርባ የሚታዘል የአየር ሲሊንደር፣ መነጽር፣ የእግር መቅዘፊያ፣ ውሃ የማይገባው ባትሪ። ከኩሬው ዳር፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ፣ አድሚራሉ አተነፋፈስ አስተማረኝ። እናት ልጇን እንደምትታገሥ ታገሠኝ። "ፍቅረማርያም፣ ትንፋሽህን እንዳትይዝ። ከፈራህ እጄን ጨብጠኝ፣ እንወጣለን። ማንም አይስቅብህም" አለኝ። የመጨረሻዋ ወጋችኝ።

ወረድን። ውሃ ውስጥ አድሚራሉ ሌላ ሰው ነው፤ ማውራት አይችልማ። መሬት ላይ ጎማና ክሪክ ሲያደናቅፈው የሚውል ሰውዬ አለቱን ሳይነካ ያልፋል። ገመድ እየዘረጋ፣ በሌላው እጁ እኔን እየጎተተ በስንጥቁ አስገባኝ። ጨለመ። ለአንድ ሳቅ ብዬ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ። እጁን ጨበጥኩት፤ እሱም ጨበጥ አደረገኝና ባትሪውን አበራ።

ምን ልበላችሁ። አሞሌ ጨው የሚያክሉ፣ ክንዴን የሚያክሉ፣ እኔን ራሴን የሚያክሉ ክሪስታሎች ከጣራው ተንጠልጥለዋል። መብራቱ ሲያርፍባቸው ግድግዳው መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ የማር ቀለም ያዘ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ያለ አይመስልም። እውነቱን ነበር። ይህ ጎማ ለጣፊ፣ ይህ አንደበቱ የማያርፍ ሰው እውነቱን ነበር። በመሸነፌ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። መተንፈሻውን እንደነከስኩ ሳቅሁ፤ ውሃ ውስጥ መሳቅ ግን ለማንም አልመክርም። አድሚራሉ ክሪስታሉን አላየም። መብራቱን ግድግዳው ላይ ይዞ እኔን ነበር የሚያየው።

ስንወጣ ሰዉ ከነግመሉ ኩሬውን ከቦ ቆሟል። ሐጂ አጠገባቸው አስቀመጡንና መጀመሪያ አድሚራሉን ጠየቁት። አሁን ሲኖትራኩ ከነተሳቢው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"አንዲት ክፍል ናት፣ ሐጂ" አለ ቀስ ብሎ። "በሯ ጠባብ ነው። ግድግዳዋ ክሪስታል ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ሻይ ቤት የጨመርኩት ነው፤ አውፍ በሉኝ።"

አላስቻለኝም። ውሃው ከላዬ እየተንጠባጠበ ተነሣሁ። "አይስሙት፣ ሐጂ። የምን ክፍል ነው? የሰመራን ገበያ ከነሰዉ ይውጣል። ክሪስታሉ የመብራት ምሰሶ ያክላል፤ መጨረሻውን ያየ የለም።"

ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። "የእሱን ተቀብያለሁ፤ በስሜ ይሄዳል" አሉ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ያንተ ግን ምስክር ይፈልጋል።"

ሰዉ ሳቀ። የምገባበት ጠፋኝ። ያን ጊዜ አድሚራል አብዱልበሲጥ ተነሥቶ አጠገቤ ቆመና እርጥብ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

"እኔ እመሰክርለታለሁ" አለ።