የድንኳን ሰፊው ጀልባ

ሰው የሚወደውን ነገር ከአገሩ ጋር ተማክሮ የሚመርጥ ቢሆን ኖሮ እኔ መውደድ የነበረብኝ ፈረስ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው፤ በእኛ ዘንድ ውሃ ሲባል አንድም የቧንቧው ነው፣ እሱም በፈረቃ፤ አንድም የጥምቀቱ ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ። ፍቅር ግን አገር አይጠይቅምና እኔ የወደድሁት የሸራ ጀልባ ሆነ። ሞተር የሌለው፣ ነፋስ ሲፈቅድ የሚሄድ፣ ሳይፈቅድ የሚቆም። ባለቤቴ ይህን ስነግራት “ይህማ ራስህ ነህ” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከእንጀራዬ ነው ያመጣሁት። ድንኳን ሰፊ ነኝ። አንድ ጊዜ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ከሰርግ የተመለሰ ድንኳን ላደርቅ ዘርግቼ ሳለ ነፋስ ገባበትና እኔን ከነካስማው እየጎተተ ውሃው አፋፍ አደረሰኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይራገም ነበር። እኔ ወደድሁት። ከአንድ ዓሣ አጥማጅ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዛሁ፣ መሀሉ ላይ ምሰሶ ተከልሁ፣ ሸራውን ራሴ ሰፋሁ፤ ከዚያ ወዲያ የዕረፍት ቀኔ ሁሉ በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሮጥ ሆነ።

አምና ታዲያ እግዜር ሥራዬንና ፍቅሬን በአንድ መንገድ አገናኘልኝ። ከጎርጎራ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች በአንዷ የሚኖሩ ገበሬዎች ለእድራቸው ድንኳን ሊያሰፉ ፈልገው ቦታውን እንድለካ ጠሩኝ። ሰው ሁሉ በሞተር ጀልባ ይሄዳል። እኔ ሸራዬን ሰቅዬ ሄድሁ። የእድሩ ሹም አያ ካሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ሸራውን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ በጣታቸውም ዳሰስ አደረጉት።

“ናሙናውን ነው እንዴ ሰቅለህ የመጣኸው?” አሉኝ።

ደሴቷ ሸጋ ናት። መንገዷ በጌሾና በሎሚ መሀል ይሄዳል፣ ጓሮው ሁሉ ቡና ነው። ሰዎቿ ግን ውሃውን እኔ እንደማየው አያዩትም፤ እንደ አጥር ነው የሚያዩት። ስለ ነፋሱ ብጠይቃቸው ስለ በቆሏቸው ነገሩኝ። እኔም ቦታውን ለካሁ፤ ከምሳ በኋላ እድርተኛው ተሰብስቦ ሊወስን ሆነ። አንድ የባሕር ዳር ነጋዴም ድንኳኑን እኔ ልስፋላችሁ ብሎ ደውሎላቸው ኖሯልና ስብሰባው ላይ መገኘቴ ግድ ነበር።

ምሳው ሳይቀርብ እማማ ውድነሽ የሚባሉ አሮጊት በምርኩዝ መጡ። ጎርጎራ ያለችው ታናሽ እህታቸው አልጋ ይዛለች የሚል መልእክት ጠዋት ደርሷቸዋል። የሞተር ጀልባ ዳር ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ግን ከዓመታት በፊት ሞተሩ ሐይቁ መሀል ጠፍቶባቸው ማዕበል ሲያንገላታቸው ስለዋለ፣ ሁለተኛ አልሳፈርም ብለው ምለዋል። ደንገል ታንኳ ላይ ታጥፈው እንዳይቀመጡ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል።

“ያንተው ሞተር የለውም አሉኝ” አሉ።

“የለውም፣ እማማ።”

“እንግዲያው አድርሰኝ። እህቴ ሳታየኝ እንዳትሄድብኝ።”

አያ ካሴ ገለል አድርገው ስብሰባው እስኪያልቅ እንድቆይ መከሩኝ፤ ከሄድህ ሥራው ለሌላ ይሄዳል አሉኝ። ነገር ግን የቀትሩ ነፋስ ወደ ጎርጎራ መንፈስ ጀምሯል፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም። ደግነት ብቻ ነው የገፋፋኝ ብል ዋሸሁ። ጀልባዬ ላይ ውጡልኝ ብዬ ያልለመንሁት ሰው የለም፤ ውሰደኝ ብሎ የለመነኝ የመጀመሪያው ሰው እማማ ውድነሽ ናቸው። ደግፌ አሳፈርኋቸው።

መጀመሪያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ቆይተው ባንድ ዓይን አዩ። ቆይተው ተገለጡ፣ እጃቸውንም ውሃው ውስጥ ነከሩ። እኔ በደስታ ልበርር ደርሻለሁ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ነፋሱ ቆመ።

ሸራው እንደ ረጠበ ነጠላ ተንጠለጠለ። ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ።

“ቆመ?” አሉኝ።

“ቆመ፣ እማማ።”

“ሞተር የለውም አላልህም? ታዲያ ምኑ ነው የቆመ?”

“ነፋሱ።”

ይጸልያሉ ብዬ ሳስብ ጀልባው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ የሚቆመው ሞተር ብቻ ይመስላቸው ነበር። እኔ መቅዘፊያውን አነሣሁ፣ እሳቸው መሪውን ያዙ። እየሄድን ስለ እህታቸው አወሩኝ። በልጅነታቸው ለሁለቱ የነበረቻቸው ደኅና ቀሚስ አንዲት ብቻ ስለነበረች፣ አንዷ ገበያ ስትወጣ ሌላይቱ ቤት ትቀር ነበር። አብረው ወጥተው አያውቁም። መዳፌ ተላጠ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ደረስን።

እህትየው ወደ ግድግዳ ዞራ ተኝታለች። ድምፃቸውን ስትሰማ ዞረች፣ በምን እንደ መጡ ጠየቀች፤ በነፋስ አሏት። ለቅሶ ጠብቄ ነበር። እሷ ወደ ዳር ጠጋ አለች፣ እሳቸው ምርኩዛቸውን አስደግፈው አጠገቧ ጋደም አሉ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

የድንኳኑ ሥራ ለባሕር ዳሩ ሰው ሄደ። አያ ካሴ ራሳቸው ደውለው በማዘን ነገሩኝ።

በሳምንቱ እህትየው ድና ተነሣች ሲባል፣ እማማን ወደ ቤታቸው ልመልስ ብዬ ሸራዬን አጥቤ፣ መቀመጫው ላይ ፍራሽ አድርጌ ጎርጎራ ወረድሁ። ወደቡ ላይ ደረስሁና አየኋቸው። በነጠላቸው ላይ ከመስጠም የሚያድን ብርቱካንማ ሰደርያ ደርበው የሞተር ጀልባው ፊት ላይ ተቀምጠዋል።

“ምነው እማማ? እኔ እያለሁ?”

“ያንተውማ ሸጋ ነው፣ ልጄ” አሉኝ፣ እንዳይከፋኝ ተጠንቅቀው። “ግን ሞተሩም ይቆማል፣ ነፋሱም ይቆማል። ሁሉም የሚቆም ከሆነ ቶሎ በሚደርሰው መሄድ ነው። በቆሎዬን ወፍ ፈጀው።”

ለዚህ መልስ ያላችሁ አውሱኝ። ሞተሩ ተነሣ፣ እጃቸውን አወዛወዙልኝ፣ ሄዱ። ጉዳይ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው። እኔ የዚያን ቀን ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ነፋሱ ደግሞ ሸጋ ነበር።