ሰማዩን የሚጠብቁት የሙሽራዋ አባት

ሰማይም ዘበኛ አለው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ኮንጋ የሚባል መንደር ሰርግ ላይ አግኝቼዋለሁ። የሙሽራዋ አባት አቶ በራሶ ናቸው፤ ዲላ ላይ የድሮን ፈቃድ የሚቆጣጠሩ የመንግሥት ሠራተኛ። በሰማይ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ቪዲዮ አንሺው ድሮን ሊያበር ሲል መዝሙሩን አስቁመው መጡ።

«ፈቃድ አለህ?»

«ጋሼ፣ የልጅዎ ሰርግ እኮ ነው!»

«ሰማዩ የልጄ አይደለም። ሰው ላይ ቢወድቅስ?»

ሙሽራዋ አኮረፈች፤ ዘመድ አጉረመረመ። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መሰላል አምጥተው አቮካዶ ዛፍ ላይ አስደገፉና ከላይ ሆኖ እንዲያነሳ አንሺውን አስወጡት።

ከመሰላሉ ላይ ያነሳውን ፎቶ አየሁት። እንግዳው ሁሉ ሙሽሮቹን ያያል። አባትየው ብቻ በአዲስ ሱፋቸው መሰላሉን ግጥም አድርገው ይዘው ወደ ላይ አንጋጠዋል፣ አንሺው እንዳይወድቅ። ልጃቸው ሳሎኗ ውስጥ የሰቀለችው ይሄንኑ ፎቶ ነው።