የእማማ ስንዱ ምስክሮች

በእኛ በጎንደር ችግርን መቻል እንጂ ማውራት ነውር ነው። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው እንኳ «እንደምን ዋልክ?» ቢሉት «ተመስገን» ብሎ ነው ውኃ ፍለጋ የሚሮጠው። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጎተራው ባዶ ከሆነ ምኑ ይነቅዛል? ይህን ጠባይ ይዘን ነው እንግዲህ የመንግሥት የምግብ እርዳታ ዘመን ላይ የደረስነው። እርዳታ ደግሞ፣ ሳታውቁት አትቀሩም፣ አፍ ላለው ነው።

እማማ ስንዱ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እማማ አንዲቱን ክፍል ለአንድ አስጎብኚ አከራይተው በዚያችው ይተዳደሩ ነበር። ጦርነቱ መጣ፤ ቱሪስቱ ቀረ፤ አስጎብኚውም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በምን እንደሚኖሩ የጠየቀ የለም። ነጠላቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ በሰፈራችን ደግሞ ነጠላው የነጣ ሰው ጠግቦ እንዳደረ ይቆጠራል።

ነገሩ የገባኝ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ነው። አጥሩን ተደግፈው ቆመው አየኋቸውና «ይግቡ፣ ምሳ እንብላ» አልኳቸው።

«ረቡዕ አይደል እንዴ? ጾም ነኝ ልጄ» አሉ።

በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። የመሪጌታ ሚስት ይህን ይስታሉ? ለእሳቸው ግን ጾሙ ከተያዘ ቆይቷል፤ የሚፈታበት እህል ነው የጠፋው።

ያን ሰሞን ቀበሌው ለምግብ እርዳታ ይመዘግብ ነበር። «እንመዝገብ» ብላቸው «በስተርጅና ልለምን?» አሉኝ። «ልመና አይደለም፣ መብት ነው» አልኩ፣ እንደ ሹም ደረቴን ነፍቼ። ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ።

ተመዝግቦ መጠበቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰፈርተኛው አዳራሽ ይሰበሰብና ማን ድሀ እንደሆነ በአደባባይ ይመሰክራል። ያጣ ሰው ማጣቱን ጎረቤቶቹ ካላጸደቁለት አላጣም ማለት ነው።

ሰብሳቢው የእማማን ስም ሲጠራ አያ ታረቀ ተነሱ። ከደባት መጥተው እንጨት እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ፣ ክፋት የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ምነው፣ እኒህን ሸጋ ሴት ከእኛ ጋር ትቆጥራላችሁ?» አሉ። «የመሪጌታ ቤት እንኳን ለራሱ ለስንቱ ተማሪ የተረፈ ቤት ነው። ስማቸውን አታጉድፉ።»

«ከእሳቸው ቤት ሳይበላ የወጣ ማን አለ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። አዳራሹ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ብቻ ያለፈ እውነት ነው።

ተነሥቼ ክፍሏ ተከራይ እንደሌላት፣ ሌላ ገቢ እንደሌላቸው ተናገርኩ። ሰብሳቢው ትሑት ወጣት ነው፤ ወደ እሳቸው ዞሮ «እናታችን፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሩን። የጎደለዎት ነገር አለ?» አላቸው።

እማማ ስንዱ ብድግ አሉ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ይጎድለኛል» አሉ።

አዳራሹ አጨበጨበላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻል ነገርኳቸው።

«ምን ብዬ? አያ ታረቀ ዋሸ ልበል?» አሉ። ጥቂት ሄደው ቆሙ። «ያ ሁሉ ሰው ሲያከብረኝ፣ እንዴት ብዬ ርቦኛል ልበል ልጄ?»

ሳምንቱን ሙሉ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ ሂድ። ስሜን ግን ቀስ ብለህ ንገራቸው» አሉኝ።

ሄድኩ፤ ቀስ ብዬም ነገርኩ። ሰብሳቢው ከልቡ አዘነ።

«ምን ዋጋ አለው ወንድሜ» አለኝ፤ «ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ትናንት ተመርጧል። የኮሚቴ አባል ደግሞ እርዳታ መውሰድ አይችልም።»

«ይህ ከእማማ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሊቀመንበሯ እሳቸው ናቸው። የተከበረ፣ እርዳታው የማያጓጓው ሰው ይመረጥ ሲባል እሳቸው በሌሉበት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ መረጣቸው።»

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። የሰው አደራ አይመለስም አሉ። ይኸው አሁን የሌላውን ሰው ረሃብ እየሰሙ ይፈርዳሉ። ፍርዳቸው ትክክል ነው ይባላል፤ የራበውን ካልራበው የሚለዩት ገና ፊቱን አይተው ነው አሉ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ለአባላቱ ሻይና ዳቦ ይቀርባል። እማማ ስንዱ አንድም ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ሰፈሩም በዚህ ይደነቃል፤ ለድሀ ያላቸው ፍቅር እኮ ልዩ ነው ይላል።