ጋሽ ገመዳ የመረጡት

ዲሽ የተተከለበት ሻይ ቤት ሁሉ አንድ ተንባይ አለው። ወንበሩ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ገና ያልተጀመረውን ግጥሚያ በአፉ ጨርሶት ይነሳል። ነገሩ እሱ እንዳለው ካልሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዳኛው ነው፣ የአየሩ ነው፣ ወይም የመብራት ኃይል ነው። ኳስ የሚተነብየውስ በየመንደሩ ሞልቷል። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለችው በሰርክአዲስ ሻይ ቤት ግን የተንባዮች ሁሉ አለቃ ይቀመጡ ነበር፤ ክቡር ጋሽ ገመዳ፣ የሽቦ አጥር ፍልሚያ ሊቀ ሊቃውንት።

ጊዜው ባቡሩ ሊጀምር ነው እየተባለ መገናኛ በአቧራ የታፈነበት ነበር። ቦክሱም፣ ካራቴውም፣ ትግሉም አንድ ላይ ተቀላቅሎ በሽቦ በታጠረ መድረክ ውስጥ የሚካሄደው ድብድብ፣ አሜሪካ ቅዳሜ ማታ ሲጀመር የካ የሚደርሰው እሁድ ጎህ ሲቀድ ነው። የእሁድ ጎህ ደግሞ የእግዚአብሔር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከታች ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ከቅዳሴ መልስ ነጠላ ያጣፋውም፣ ወደ ጉባኤ ሊሄድ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘውም፣ ሰርክአዲስ ቤት «አንድ ሻይ ብቻ» ብሎ ጎራ ይላል፤ አንድም ሰው ድብድብ ልመለከት ነው አይልም።

ጋሽ ገመዳ ጉባኤያቸው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረቫታቸውን አስረው ይመጡና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በባርኔጣቸው ይሸፍኑታል። ሰርክአዲስ አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብትጠይቃቸው «ይሄን ሁሉ ጡጫ ምን ያሳየዋል?» ነው ያሏት።

የትንበያቸው ጥበብ ከኮርማ የመጣ ነው። መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚያ የጤፍ ማሳና ከብት ነበራቸው፤ የመንደሩ ኮርማዎች ሲዋጉ ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። «ቀንዱን አትዩ» ይላሉ፣ ተፋላሚዎቹ ገና ወደ መድረኩ ሲመጡ ጣታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው። «ቀንድ ማስፈራሪያ ነው። አንገቱን እዩ! የእግሩን አረጋገጥ እዩ! እኔ በኮርማ ተሳስቼ አላውቅም።» ይህ እውነት ይሁን አይሁን የሚመሰክር የለም። ማሳውም ከብቱም ከሄደ ቆይቷል፤ እሳቸውም ለመሬቱ በተከፈላቸው ካሣ የካ ላይ ቤት ሠርተው፣ ሁለት ክፍል አከራይተው ይኖራሉ።

በሰው ግን መሳሳት ብቻ ሳይሆን መሳሳትን ሙያ አድርገውት ነበር። አንድ እሁድ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ ራሰ በራ ሩሲያዊ ገባ። «ኮርማ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። «ጥጃ አምጥተው አስገጠሙት! ግፍ ነው!» የሰርክአዲስ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ኮርማው በጀርባው ተዘርግቶ ጣሪያ ያይ ጀመር። ጋሽ ገመዳ ዝግ ብለው ተቀመጡና ስኳራቸውን አማሰሉ።

«ብዬ ነበር» አሉ።

«ምን ብለው ነበር?» አለ ሚኒባሱን ውጭ አቁሞ የገባው ቱሉ።

«ኮርማ ሲወፍር ይሰንፋል ብዬ ነበር። አልሰማችሁኝም።»

ሌላ ቀን ብራዚላዊውን መረጡ፤ ብራዚላዊው ገና ወደ መድረኩ ሲወጣ ደረጃው ላይ እግሩ ታጠፈና ግጥሚያው ቀረ። ሌላ ቀን ደግሞ እሳቸው የመረጡት ልጅ እያሸነፈ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ልጁን በቃሬዛ ይዘውት ሲወጡ ታየ። «ባይጠፋ ኖሮ!» አሉ ጋሽ ገመዳ፣ ልጁ የሚታገለው የየካን ኤሌክትሪክ ተመርኩዞ ይመስል። አንድ ዕጩ ብቻ በቀረበበት የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ምርጫ እንኳ ተሳስተዋል፤ ይመረጣል ያሉት ሰው በዋዜማው ሰፈር ቀየረ።

በሻይና በብስኩት የሚወራረዱ ጎረምሶች ይህን ካወቁ ወዲያ ራሳቸውን ማድከም ትተው ነበር። ጋሽ ገመዳ እስኪናገሩ ይጠብቁና ሌላኛውን ይይዛሉ። ፊት ለፊት ግን አንድም ሰው ተናግሯቸው አያውቅም፤ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። ሰርክአዲስም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለች በሆዷ ትስቅ ነበር እንጂ ሻያቸውን የምታቀርበው በሁለት እጇ ነው።

ሳቋ የቆመው ነገሩ ታናሽ ወንድሟ ጋ ሲደርስ ነው።

ኤቢሳን እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ ከጎረምሳነቱ አንስቶ ማለዳ የእንጦጦን ዳገት እየሮጠ ይወጣል፤ ማታ ማታ ኮተቤ ባለ አዳራሽ ይህንኑ የተቀላቀለ ፍልሚያ ይለማመዳል። ዘመዱ ሁሉ «ሥራ ፈት» ሲለው ጋሽ ገመዳ ብቻ ባዩት ቁጥር አስቁመው ትከሻውን እየመቱ «ይሄ ልጅ የት እንደሚደርስ እኔን ጠይቁኝ» ይሉ ነበር። በዚያ ዓመት ኤቢሳ መሐል ከተማ ባለ አዳራሽ ከድሬዳዋ ከሚመጣ ልጅ ጋር እንዲገጥም ተጠራ። ያሸነፈ ናይሮቢ ሄዶ ይወዳደራል። ሰርክአዲስ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። የፈራችው የድሬዳዋውን ልጅ አልነበረም፤ የጋሽ ገመዳን አፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ የማታውቀው ሰርክአዲስ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«ተናገሪ ልጄ።»

«የኤቢሳን ግጥሚያ ማን ያሸንፋል ሊሉ ነው?»

«ይሄም ይጠየቃል? ኤቢሳ ነዋ! እንዲያውም...»

«እሱን ነው የምልዎት» አለች ቶሎ ብላ። «ያኛው ያሸንፋል ቢሉስ?»

ማንኪያቸው ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። «ለምን?»

ሰርክአዲስ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት አለ። «እንዲሁ... ለልጁ እንዲበጀው ብዬ ነው» አለችና አንገቷን ደፋች።

ጋሽ ገመዳ በበሩ በኩል የባሕር ዛፉን አዩ። «እናንተ ብቻ የምታዩ መሰላችሁ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም እኮ አያለሁ። ግን ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። «ይሁን። ለኤቢሳ ከሆነ ይሁን።»

ሰርክአዲስ አፈረች። አፍራም ግን ቀለል አላት፤ ሰው እንዲህ ነው።

እሁድ ሲሆን ቤቱ ሙሉ ነበር። ቱሉ «ጋሼ፣ የኛን ልጅስ ምን ይሉታል?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሽ ገመዳ ተነሱ። እንደ ወትሮው ጣታቸውን አልቀሰሩም። «ኤቢሳ ይሸነፋል» አሉ። «ገና ልጅ ነው፣ አልጠናም። በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል።» ቤቱ በእፎይታ ተናጋ። ቱሉ ለሁሉም ሻይ አዘዘ። ለእነሱ ያበቃለት የድሬዳዋው ልጅ ነበር።

ኤቢሳ ከሩጫ ተመልሶ በሩ ላይ መቆሙን በዚያ ጫጫታ ያስተዋለ አልነበረም። ሰርክአዲስ ያየችው ዞሮ ሲሄድ ጀርባውን ብቻ ነው፤ ሊታጠብ የሄደ መሰላት።

የግጥሚያው ቀን ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ሰፈሩ በቱሉ ሚኒባስ ተጭኖ ወረደ። ኤቢሳ ወደ መድረኩ ሲገባ ዓይኑ ተጋጣሚው ላይ አልነበረም፤ የተመልካቹን ወንበር ይቃኝ ነበር። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ብዙም አልቆየም። የድሬዳዋው ልጅ እግሩን ጠልፎ ጣለው፣ አንገቱን ቆልፎ ያዘው፤ ኤቢሳም በእጁ መሬቱን መታ መታ አድርጎ መሸነፉን አሳወቀ። የመጀመሪያው ዙር ገና አላለቀም።

ቱሉ ሐዘኑን በቀልድ ሊያስታግስ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬስ አንዴ ደረሰልዎ!» አላቸው። ጋሽ ገመዳ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ደርሶባቸው ቢያቆምላቸውም እንቢ ብለው በእግራቸው ሄዱ።

የሚቀጥለው እሁድ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ፍልሚያው ግን ጨው እንደሌለው ሽሮ ሆነ፤ ሰው ያሸንፋል፣ ሰው ይሸነፋል፣ አለቀ። የሚከራከር ጠፋ፤ ሻይም የሚደግም አልነበረም።

ኤቢሳ ቤት ውስጥ ይበላል፣ ይተኛል፣ አያወራም። አንድ ማታ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ጋሽ ገመዳ ምን አይተውብኝ ነው?» አላት።

«እንዴት?»

«አልጠናም ያሉት። ሰምቻቸዋለሁ። እዚያ መድረክ ላይ ቆሜ የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ሌላው የፈለገውን ቢል ግድ የለኝም። እሳቸው ግን ያውቁኛል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሰርክአዲስ ደግሞ ወለምታውን ያመጣችው በሰው አፍ ነበር። አለቀሰች። እያለቀሰችም ወንበር ስባ ከመቀመጧ ጀምሮ «ይሁን» እስካሉት ድረስ ሁሉንም ነገረችው። ኤቢሳ አልተቆጣትም። «አስከፋሻቸው» ብቻ አላትና ሊተኛ ሄደ።

ክረምቱ ወጥቶ ኤቢሳ አዳማ ላይ ለሌላ ግጥሚያ ሲጠራ፣ እሁድ ጠዋት ጋሽ ገመዳን ከቤታቸው ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። ቱሉ ብድግ ብሎ ወንበሩን ጠረገላቸው። ሰርክአዲስ በሁለት እጇ ሻይ አቀረበች፤ እሳቸውም «ተባረኪ ልጄ» ብለው ተቀበሏት። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሆነውን ያየ የለም።

ኤቢሳ አልተቀመጠም። «ጋሼ፣ አዳማ ልገጥም ነው። ማን ያሸንፋል?»

«ተወኝ ልጄ። ሌላ ሰው ጠይቅ።»

«የምጠይቀው እርስዎን ነው።»

ጋሽ ገመዳ ቤቱን በሙሉ ዞረው አዩት፤ ጎረምሶቹን፣ ቱሉን፣ ሰርክአዲስን። «አንተን ካልኩ ትወድቃለህ» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ይሄን የማያውቅ እዚህ ቤት አለ?»

«ልውደቅ» አለ ኤቢሳ። «ኤቢሳ ያሸንፋል ብለውልኝ ልውደቅ። ያኛው ያሸንፋል ብለው እኔ ከማሸንፍ እሱ ይሻለኛል።»

ጋሽ ገመዳ መነጽራቸውን አውልቀው በከረቫታቸው ጫፍ ጠረጉ። መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

«ኤቢሳ ያሸንፋል» አሉ። «በሁለተኛው ዙር።»

ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በአዳማው ልጅ የሚወራረድ ግን አልተገኘም። ከሁሉ ቀድሞ «አሜን!» ያለው ቱሉ ነው። ነጠላ ያጣፉትም፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙትም ተከተሉት። ሰርክአዲስ የትንቢቱን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አውቃም፣ ትሪዋን እንደያዘች፣ ድምፅዋ ከሁሉም ጎልቶ እስኪሰማ ድረስ «አሜን» አለች።