ጥጋቸው የታጠፈ ማመልከቻዎች

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ።

የፌስቡክ ወዳጆቼ፣ ሰዓቱን በትክክል የመዘገብኩት ክብሬ የወደቀበት ደቂቃ ስለሆነ ነው!

የልጅ ልጄ ሶስና በሕግ ተመርቃለች። በማዕረግ! ጥፋቷ አንድ ነው፤ የተማረችው ክፍለ ሀገር ነው። ሲቪዋን ካስገባችባቸው የጥብቅና ቢሮዎች አንዱም አልጠራትም። የቀራት ካዛንቺስ ያለ አንድ ቢሮ ነበር፤ የጀማሪዎች ምዝገባውም ዛሬ ይዘጋል።

ከረባቴን አሰርኩና አብሬያት ሄድኩ።

(አያቱን አስከትሎ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ የለም። አውቃለሁ። ዝም በሉ!)

ጸሐፊዋ ማመልከቻውን ተቀበለች፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም አየች፤ የወረቀቱን የላይኛውን ጥግ እጥፍ አድርጋ፣ እንደዚያው በታጠፉ ሌሎች ወረቀቶች ላይ ጣለችው።

ውጤቷን እንኳ አላየችም!

«ልጄ፣ ይህን ለምን አጠፍሽው?»

«አሠራራችን ነው አባባ። የታጠፈ ወደ ውስጥ አይገባም።»

ደሜ ፈላ። «ይህን ነውር ያስተማራችሁ ማነው?» ብዬ ጮኽኩ።

ሶስና ኮቴን ጎተተች። «አባባ፣ በቃ፣ ሰው እያየን ነው!»

የውስጡ በር ተከፈተ። የቢሮው ባለቤት ዳንኤል ወጣ። ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ ሥራን በእኔ ሥር የጀመረ ልጅ!

«ጋሼ!» ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። የማፈጥበትን ክምር አየና ሳቁን ዋጠ።

«እርስዎ ነዎት እኮ ያስተማሩኝ። ‹ከእኛ ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ጥጉን እጠፈው፣ ጊዜዬን አታባክን› ይሉኝ አልነበር?»

እል ነበር።

ሶስና ኮቴን ለቀቀችው።

ጨዋ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የታጠፉትን አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጥፍር አቃናሁ። የሶስናን ብቻ አይደለም። ሁሉንም!

«ያስተማርኩህን ዛሬ ሽሬዋለሁ። አንብብ።»

«ጋሼ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«በነሐሴ? ፍርድ ቤቱ ዝግ ሆኖ? አንብብ፤ ሳታነብ አልነሳም።»

እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ክምሩን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። «እንደውላለን» አለ።

ወደ ባምቢስ በዝናብ ስንወርድ ሶስና ጃንጥላውን ለእኔ ያዘችልኝ፤ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ብዙ ከሄድን በኋላ፦

«አባባ፣ እርስዎ የስንት ሰው ወረቀት አጥፈዋል?»

ደቂቃ የሚመዘግበው ሰውዬ ይህን ቁጥር አልመዘገበም!

እናም እናንተ፣ በዚያ ዘመን ማመልከቻ አስገብታችሁ መልስ የጠፋባችሁ፦ ምናልባት ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ላይኩ ይቅርብኝ፤ ስድቡን ከታች ጻፉልኝ። ነገ ግን አራት ሰዓት ከሃያ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ!

ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተደወለም። ዳንኤል ያንብብ አያንብብ አላወቅሁም። ሶስናም ከዚያ ጥያቄዋ በኋላ አላናገረችኝም።