በሰሌዳው ላይ የተረፈው ስድስት ሰዓት

ትናንት ከምሳ በኋላ ማስተዋል ኮምፒውተሯ ላይ እንደተደፋች ሕልም አየች። ለሕልም እንኳ ጊዜ አልነበራትም። አውቶቡስ ሊደርስ ስንት እንደቀረው ለተሳፋሪ የሚናገረውን የመናኸሪያ ሰሌዳ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሰሌዳው ግን አምስት ደቂቃ ለቀረው አውቶቡስ "6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ" ይላል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልታረመ ሰሌዳው ይነቀላል፣ እሷም ትሰናበታለች ተብሏል።

በሕልሟ መናኸሪያው ተገልብጧል። አውቶቡሶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ። ሰዎቹ ደግሞ ከሰከንድ በቀር ሌላ የጊዜ ስም አያውቁም።

"ተሳፋሪዎቼ መቼ ይመጣሉ?" አለ አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ።

"ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ሰከንድ" አለው ትኬት ቆራጩ።

አውቶቡሱ በጎማዎቹ ሊቆጥር ሞክሮ ስድስተኛው ላይ አለቀበት። አለቀሰ።

ይሄኔ መነጽር ያደረገች አህያ ብቅ አለች። "ሁለት ሰዓት ነው፣ አባቴ።"

"ትርፉስ?"

"አንድ ደቂቃ ከምናምን ናት። ሁለት ሰዓት ለሚጠብቅ ምን ትሠራለታለች?"

ሌላው አውቶቡስ "ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ሰከንድ" ተብሎ ደንግጦ መጣ። "ነገ ይሄኔ" አለችው፤ እፎይ ብሎ ተኛ። ማስተዋል አፏን ከፍታ ቀረች። አምስት ዓመት ሙሉ ስትማር እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየችም። ቀናችባትም፣ ወደደቻትም።

"እትዬ፣ የእኔንም ይዩልኝ" ብላ ኮዷን ዘረጋችላት።

አህያዋ አንዴ አሸተተችው። "ይቺን ስድስት ማን ጨመራት?"

"እኔ ነኝ። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ስቀይር..."

"ልጄ፣ እሱ 'ስንት ሰዓት ነው?' ላለሽ ነው። 'ስንት ይቀራል?' ላለሽ ግን፣ አምስት ደቂቃ በፈረንጅም በሐበሻም አምስት ደቂቃ ናት።"

ማስተዋል ኮቴዋን ልትስም ስታጎነብስ ግንባሯ ከጠረጴዛው ተጋጨና ነቃች። እየሳቀች ስድስቷን ሰርዛ ላከች። ሰሌዳው ወዲያው "5 ደቂቃ" አለ።

ስልኳ ጮኸ። የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ጋሽ ዘርጋው ናቸው።

"ምን ነካሽ ልጄ? አውቶቡሱ ዛሬ ዳገቱ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ጥገናው ስድስት ሰዓት ይፈጃል! ሰዉ ስድስት ሰዓቱን አምኖ፣ 'የማይዋሽ ሰሌዳ መጣልን' ብሎ እየመረቀሽ ጥላ ሥር ተኝቶልኝ ነበር። አሁን አምስት ደቂቃ ብለሽ ሻንጣውን አሸክመሽ በሩ ላይ አቆምሽብኝ። በይ ቶሎ ወደ እውነቱ መልሺው!"